ከነእንከኗ አትሸጥም

ውድ ሚጣዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ልከስሽ ነው። የክሱም ጭብጥ መኪናዋ ውስጥ መስታወቱ ላይ እንድሰቅለው የላክሽልኝ ባለ ሽቶ ካርቶን ነው። ያ ቀይ ፍሬ የሚመስለው። "ገዢ ሲገባ ደስ የሚል ሽታ ይቀበለው" ብለሽ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ የሚሸት ፍሬ አልገጠመኝም፤ የሳሙና ፋብሪካና የከረሜላ ፋብሪካ ተጋብተው የወለዱት ነው የሚመስለው። ከሰቀልኩት ጀምሮ ማስነጠስ አላቆምኩም። መሪ እንደያዝኩ አስነጥሼ የጎረቤቴን አጥር ለጥቂት ነው የሳትኩት። ስለዚህ ሽቶውን አውርጄ መጸዳጃ ቤት ሰቅዬዋለሁ። እዚያ ቢያንስ ሥራ አያጣም።

ክሴን ጨርሻለሁ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዋናው ጉዳይ መኪናዋን አልሸጥም ነው።

ስልክሽን አታንሺ። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ገና መጀመሬ ነው።

የላክሽው ሒሳብ ደርሶኛል። በአንድ በኩል መኪናዋ ብትሸጥ የምታወጣውን፣ በሌላ በኩል በዓመት ለጥገና የምትበላውን ደርድረሽ፣ ከታች "አያዋጣም" ብለሽ በቀይ አስምረሽበታል። ልክ ነሽ። እንዲያውም አሳንሰሽዋል። ሞተሪኖዋን አላስገባሽም፤ አንዳንድ ቀን ያስነሳታል፣ አንዳንድ ቀን ያኮርፋል፣ ባኮረፈ ቀን የሚገፋ ጎረቤት መለመን ነው። ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ሥሯ የማነጥፈው ካርቶን ብቻውን አንድ ሱቅ ያስከፍታል። የግራ የኋላ መስኮቷ ጉድጓድ ባየች ቁጥር ራሷን ታወርዳለች። የጭስ ማርሚታዋ በሽቦ ነው የታሰረው። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ብታነሺው አስፋልቱ ሲሄድ ይታይሻል። ይህን ሁሉ ደምሪበትና እንደገና በቀይ አስምሪ።

በዚህ ሒሳብ ከሄድን ግን እኔም አላዋጣም። ባለፈው ዓመት ለጥርሴና ለጉልበቴ የወጣው፣ ተገነጣጥዬ ብሸጥ ከማወጣው ይበልጣል። ሆኖም እስካሁን ደላላ የላከብኝ የለም።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አባትሽ ካረፈ በኋላ ወደ ሥራሽ ልትመለሺ ስትነሺ፣ የመኪናዋን ቁልፍ በእጄ አስቀመጥሽና "አጎቴ፣ ሽጣት" አልሽኝ። ቀጥለሽም ጣትሽን ቀስረሽ፣ "ግን አደራ! እንዳትዋሽ። ያለባትን ችግር ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ለገዢው ንገር፤ ኋላ ክስ እንዳይመጣብን" አልሽኝ። ሚጣዬ፣ አንቺ እኮ ታውቂኛለሽ። ለእኔ እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት ለፍየል የጎመን ማሳ አደራ እንደ መስጠት ነው።

መጀመሪያ የመጣው አዲስ ሙሽራ ነው፤ ሚስቱንም ይዞ።

"ዕድሜዋ ስንት ነው?" አለኝ።

"ከእህቴ ልጅ በጥቂት ታንሳለች፤ ጸባይዋ ግን ይሻላል።"

"ሞተሩስ ጤነኛ ነው?"

"በጣም። ዳገት እስካላየ ድረስ።"

"ዳገት ካየስ?"

"ይግላል። ያን ጊዜ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ትከፍትና የሞተሩ ሙቀት ወደ አንተ ይመጣል። አንተ ትቀቀላለህ፣ ሞተሩ ይድናል።"

ሙሽራዋ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "በዚህ ነው እናቴ ጋ የምትወስደኝ?" አለችው። አብረው ከመኪናዋ ሊወርዱ ሆነ። በሩን ግን ከውስጥ መክፈት ስላልቻሉ እኔ ዞሬ ከፈትኩላቸው።

ቀጥሎ አንድ አስተማሪ መጣ። የነዳጅ መለኪያውን አየና "ግማሽ አላት ማለት ነው" አለ። "ሁልጊዜ ግማሽ ናት" አልኩት። "ስትሞላም ግማሽ ናት፣ ባዶም ስትሆን ግማሽ ናት። ተስፋ መቁረጥ የማታውቅ መኪና ናት።" እሱ ግን ቆረጠ።

ስልክ ስትደውይ "ገዢ ጠፋ" እልሽ ነበር። ዋሸሁ? በፍጹም። ገዢው በእርግጥ ጠፍቷል፤ ሲጠፋም ቆሜ እያየሁት ነበር።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር፤ አልክድሽም። ጨዋታው ያበቃው አንዲት ነርስ ልትገዛ የመጣች ቀን ነው። ነርሷ መኪና የምታውቅ ሴት ናት፤ "ኮፈኑን ክፈትና ድምጿን ልስማ" አለችኝ። ከፈትኩ። የኮፈኑ መደገፊያ ተሰብሮ ስለነበር መደገፊያው እኔ ነኝ፤ ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ እንደ ተማረከ ወታደር ቆሜያለሁ። ታዲያ ነዳጁን ማን ይርገጥ? እናትሽ እንደ ልማዷ ቤቷ ውስጥ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ነበረች። ያን ጊዜ እንዴት እንደነበረች አይተሻል። ጠዋት ካፖርቷን ትለብሳለች፣ የትም አትሄድም፣ ማታ ካፖርቷን ታወልቃለች።

"እትዬ፣ ነይ ግቢና ርገጪልን!" ብዬ ተጣራሁ።

"ምኑን?"

"በቀኝ በኩል ያለውን!"

ወጣች። ከሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ረገጠች። ምን ረገጠች ትያለሽ፣ እስከ ወለሉ አደረሰችው! መኪናዋ ጓራች፣ ማርሚታው ተንኳኳ፣ እኔ ደንግጬ ኮፈኑ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ነርሷ ዘላ ዳነች። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ድምፅ ሰማሁ። እናትሽ እየሳቀች ነበር። እንባዋ እስኪፈስ ነው የሳቀችው። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ምን አለች መሰለሽ? "ያን ሁሉ ዓመት ሲኮራብኝ የኖረው በዚህ ነው እንዴ?"

አባትሽን አልወቅሰውም፤ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። መሪዋን ግን ለማንም አያስነካም ነበር። እናትሽ "እስቲ አንድ ቀን ልሞክራት" ባለችው ቁጥር "ካምቢዮዋ ጠንካራ ነው፣ እጅሽን ያምሻል" ይላት ነበር። ሚጣዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? በዚያች መኪና ውስጥ አንድ እንከን የሌለበት ነገር ቢኖር ካምቢዮዋ ነው። በሁለት ጣት ይገባል።

ነርሷ ሄደች። እናትሽ ግን አልወረደችም።

"ውረጂ እንጂ" አልኳት።

"ቆይ። መሃል ያለው ምንድን ነው?"

"ፍሬን ነው።"

"ግራውስ?"

"ፍሪሲዮን።"

"በል አስተምረኝ" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ገዢ መፈለግ አቁሜያለሁ። ይኸው ነገርኩሽ።

ከከተማው ዳር ያለውን የተዘጋ የእንጨት መጋዘን ታስታውሺዋለሽ? ጠዋት ጠዋት ግቢው ባዶ ነው። ዘበኛው ወዳጄ ስለሆነ በሩን ይከፍትልናል፤ ከከፈተ በኋላ ግን ከጥበቃ ቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ነፍሱን ይወዳል። ሰሌዳ ጸሐፊ አይደለሁ? "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ በገዛ እጄ ሠራሁላት፤ ፊደሎቹን በወርቅማ ቀለም፣ ጥላ ሰጥቼ፣ ዳርና ዳሩን አበባ አድርጌ። እናትሽ አየችውና "ለሠርግ ነው እንዴ?" አለችኝ። እንዲያም ብላ አሰቀለችኝ። መጀመሪያ አካባቢ መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ነበር የምትዘለው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ "ቀስ! ቀስ አድርገሽ ልቀቂው!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሷ ደግሞ "አንተ ቀስ ብለህ አውራ፣ እኔ ቀስ ብዬ እለቃለሁ" ትለኛለች።

"በዚያች ብረት ላይ እማዬን አስቀምጠህ!" ብለሽ ስትጮሂ ከዚህ ይሰማኛል። ስለዚህ ስሚኝ። እኔ በሁሉም ነገር እቀልዳለሁ፣ በፍሬን ግን አልቀልድም። አንድም መንገድ ላይ ሳንወጣ መኪናዋን "አይሞትም" ጋ ወስጃታለሁ። ጋራዥ ያለው ሰውዬ ነው፤ የመጣለትን መኪና ሁሉ አይቶ "አይሞትም" ስለሚል ስሙ እንደዚያው ቀረ። የአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራ ተቀየረ፣ የፍሬን ዘይቱም ተቀየረ። ቀጥሎ የሞተሩ ቺንጋ ተቀየረ፤ እሱ እየሄድሽ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ እስኪበጠስ አይጠበቅም። ምንጣፉ ሥር ያለው ቀዳዳ በላሜራ ተበየደ። የበሩ መክፈቻ ተሠራ። መስኮቷና የነዳጅ መለኪያዋ ተራ ይጠብቃሉ፤ እነሱ ያሳፍራሉ እንጂ አይገድሉም።

የፍሪሲዮኑ ነገር ግን አስቸገረን። መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም፣ ልክ እንደ እኔ። "አይሞትም" እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ዕቃው እንኳ ርካሽ ነው" አለ።

"ውዱስ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ውዱ ካምቢዮውን ማውረዱ ነው፣ ጋሼ። አውርዶ መስቀል ሁለት ቀን ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ ነው።"

ዋጋውን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። እናትሽ ግን ቦርሳዋን እንደታቀፈች፣ "ካወረድከው አይቀር እዚያው አጠገቡ ያለውን፣ ነገ ተነገ ወዲያ የሚበላሸውን ሁሉ አብረህ ቀይርልኝ። ለማውረጃ ሁለተኛ አልከፍልህም" አለችው። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ "እማማ ጋራዥ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?" አለኝ። "ባሏ ለዚያች መኪና ገንዘብ ሲያወጣ ቆማ ስትሰማ የኖረች ናት" አልኩት።

በቪዲዮ ስትደውዪ ግድግዳው ባዶ ሆኖ አይተሽ "ትልቁ ቡፌ የት ሄደ?" ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። እሷም "ምስጥ በላው" አለችሽ። ምስጥ አይደለም፣ ሚጣዬ። ፍሪሲዮን ነው የበላው። ሸጣው ስትመለስ "ያን ሁሉ ዘመን አቧራውን ስጠርግ ኖሬ አንድ ቀን የትም አልወሰደኝም" ነው ያለችኝ።

ዋናው መንገድ ላይ የወጣን ቀን ዳገቱ መሃል ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላችን አውቶቡስ ነበር። ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲያስጮኸው ቆይቶ አንገቱን አወጣና "እማማ፣ ኧረ ቤትዎ ይሻልዎታል!" አላት። እኔ አጸፋውን ልመልስ አፌን ስከፍት እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ። መስኮቱን በእርጋታ አወረደች። "ልጄ፣ ቤቱን እስኪበቃኝ አይቼዋለሁ። አሁን መንገዱን ልይ" አለችው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ሞተሩን አስነስታ፣ አንድ ጋት እንኳ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች እያጨበጨቡ ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ አላየሽም፣ የአንቺ ሒሳብም አላየውም።

አሁን መንጃ ፈቃድ አላት። አዎ፣ እናትሽ። በመጀመሪያው ፈተና ወድቃ ነበር፤ አንዲት ዶሮ መንገድ አቋርጣ እስክትጨርስ ቆማ፣ ዶሮዋ ሐሳቧን ቀይራ ስትመለስም እንደገና ቆማ ፈታኙን አሰለቸችው። በሁለተኛው አለፈች። ሞተሪኖዋ እስኪሠራ ድረስ ቁልቁለት እየፈለግን ነበር የምናቆመው፤ እናትሽም ደጃቸው ቁልቁለት የሆነ ወዳጆቿን አንድ በአንድ ጎበኘች። አልጋ ላይ የዋለችውን የልጅነት ጓደኛዋን ሐኪም ቤት የምታመላልሳት እሷ ናት። ካፖርቷን ለብሳ አትቀመጥም፤ ካፖርቷን ለብሳ ትወጣለች።

የቀራት አንድ ነገር ነው። ብቻዋን ነድታ አታውቅም። ሁልጊዜ እኔ አጠገቧ ነኝ፣ እጄም የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው። "ብቻሽን ሞክሪ" ስላት "ነገ" ትለኛለች።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ሳለ ነው ያ መልእክትሽ የመጣው። ደላላ አግኝተሻል። ቅዳሜ እናትሽ ቤት መጥቶ መኪናዋን ይወስዳል። እናትሽም ጓዟን ጠቅልላ ወደ አንቺ ትመጣለች፤ ክፍሏን ቀለም አስቀብተሽ ጨርሰሻል፣ ቤቷም ይከራያል። ለእሷም በስልክ ነገርሻት። እሷስ ምን አለችሽ? "እንዳልሽ፣ ልጄ።"

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ሻንጣ አወረደች። ሁለት ቀሚስ አጥፋ ከተተችና መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። "እትዬ፣ አልፈልግም በያት እንጂ" ብላት፣ "ልጄ ናት፤ በእኔ የተነሳ እንቅልፍ አጥታለች" አለችኝ። ለአባትሽም እንዲሁ ነበረች። "እንዳልክ" እያለች ነው ያረጀችው። አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ሆነ።

ክፉ ነሽ አላልኩም። ፈርተሽ ነው። አባትሽን ሳትደርሺለት አጣሽው፤ እናትሽን ደግሞ በዓይንሽ ሥር ካላደረግሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። ይገባኛል፤ እኔም እፈራላታለሁ። አደባባይ ስንገባ እግሬ ፍሬን የሌለበትን ወለል እየረገጠ ያልባል። ግን የሚፈሩለትን ሰው እንደ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ አያወጡትም። መኪናዋ ከሄደች እናትሽ ዳግመኛ መሪ አትይዝም፤ አንቺ ጋ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሌላ መስኮት ሥር፣ ካፖርቷን ለብሳ ትቀመጣለች። አንቺም ከሥራ ስትገቢ "ደህና ዋልሽ እማዬ?" ትያታለሽ፣ እሷም "ደህና" ትልሻለች። ሁለታችሁም ትዋሻላችሁ።

ስለዚህ እንቢ ብያለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ያንቺ ሒሳብ ነው፣ ሞኙ እኔ ነኝ፣ ማን ቀድሞ እንደሚለቅ እናያለን። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስኩ ሄጄ እናትሽ በር ላይ እቆማለሁ። ደላላሽ ካልሰማኝ ጎማው ሥር እተኛለሁ። እሷ "እንዳልሽ" ብትልሽም እኔ አልልሽም። ብትፈልጊ አኩርፊኝ፣ ብትፈልጊ ሽቶሽን ከመጸዳጃ ቤቱ አውርጂና ውሰጂ። አንድ ቀን ግን…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ሚጣዬ፣ ተመልሻለሁ። በሩ ላይ የቆመችው እናትሽ ናት። ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ቀልቶ።

"ማን አመጣሽ?" አልኳት።

"ማን ያመጣኛል?" አለችኝ።

አንገቴን አውጥቼ አየሁ። መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማለች፤ ትንሽ ወደ መንገዱ ወጣ ብላ፣ ግን ቆማለች። ሌላ ማንም የለም።

"ደላላውስ?"

"ማልዶ መጣ። 'ቁልፉን' አለኝ። 'መጀመሪያ አትሞክራትም?' አልኩት። 'ማን ይነዳታል?' አለኝ። 'ባለቤቷ' አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አደባባዩ ጋ ደረስን። ሦስት ጊዜ ዞርኩት።"

"ሦስት ጊዜ ለምን?"

"መውጫው አመለጠኛ! በሦስተኛው 'እማማ፣ እዚሁ ልውረድ' ብሎ ለመነኝ፣ አወረድኩት። ሲወርድ 'ለልጅዎ ምን ልበላት?' አለኝ። 'ምንም አትበላት፤ እኔው እነግራታለሁ' አልኩት።"

"ከአደባባዩ እስከዚህ ብቻሽን?"

"ብቻዬን። አንተ ስለሌለህ ጸጥታው ደስ ይል ነበር።"

አሁን ትከሻዬ ላይ ቆማ ይህን ደብዳቤ እያነበበች ነው። "ይሄ ሁሉ ገጽ ለምን አስፈለገ? ስትቀባጥር አንደኛ ነህ" እያለችኝ ነው። ብዕሩን አምጣ ብላኛለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ የምትጣዪው ካለ ከእኔ ጀምሪ።

የማይታረመው አጎትሽ፣ ሰሌዳ ጸሐፊው

ልጄ፣

አይሆንም። ቤቴን አልለቅም፣ መኪናዬንም አልሸጥም። ይህን ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ቢከፋሽም እንግዲህ ይክፋሽ፣ ያልፍልሻል፣ ልጄ ነሽ። ያስቀባሽልኝን ክፍል ግን ለሌላ እንዳትሰጪብኝ። የአገር አቋራጩን መንገድ እስክለምደው ታገሺኝና፣ እየነዳሁ መጥቼ አድርበታለሁ።

እናትሽ